«ሲስተም የለም»፦ የቦሌ መንገድና የአንዲት ቁጥር ታሪክ

አዲስ አበባ ውስጥ ከሰላምታ ቀጥሎ በብዛት የሚሰማው አባባል የቱ ነው ብትሉን፣ «ሲስተም የለም» የሚለው ነው እንላችኋለን። ባንክ ትሄዳላችሁ፣ ሲስተም የለም። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ማኪያቶ ጠጥታችሁ ሒሳብ ልትከፍሉ ትነሳላችሁ፣ ካሸሯ ማሽኑን ሁለቴ መታ መታ አድርጋ ቀና ትልና «ይቅርታ፣ ሲስተም የለም» ትላለች። እኛም «እሺ» ብለን እንቀመጣለን። ልብ ብላችሁ ከሆነ ይህቺ አባባል ጥፋት አላት፣ ጥፋተኛ ግን የላትም። እንደ በረዶና እንደ አንበጣ ከላይ የወረደች ነገር ትመስላለች።

እኛ ደግሞ ዛሬ ነገሩን ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ከጠረጴዛው ሥር ካለው ገመድ ልንጀምረው ነው። እዚያ ገመድ ላይ አንዲት ቁጥር ትኖራለች። አንዳንዴ 50 ናት፣ አንዳንዴ 9600፣ አንዳንዴ ደግሞ 115200። ይህቺ ቁጥር ስትሳሳት «ሲስተም» የሚባለው ነገር ይጠፋል፤ ስትስተካከል ይመለሳል። ታሪኳን ለመከተል ከቦሌ መንገድ ብዙም መራቅ አያስፈልገንም።

ቦሌ ወይስ ሌቦ?

መጀመሪያ ከገመዱ ጋር እንተዋወቅ። ከድሮ ኮምፒውተር ጀርባ 9 ቀጫጭን መርፌዎች ያሉት ሶኬት አይታችኋል አይደል? እሱ ሲሪያል ፖርት ይባላል። ቴክኒሻኖች ኮም ፖርት ይሉታል። ሥራው ቀላል ነው፤ መልእክትን ወደ 1 እና 0 ሰባብሮ፣ በአንድ ሽቦ፣ አንድ በአንድ፣ ተራ አስይዞ ይልካል። አስቸጋሪው ነገር አንዱ ምልክት የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚናገር ሌላ ሽቦ አለመኖሩ ነው። ላኪና ተቀባይ አስቀድመው «በሴኮንድ ይህን ያህል» ብለው መስማማት አለባቸው። ይህ ስምምነት ባውድ ሬት ይባላል።

መገናኛ ቆሞ «ቦሌቦሌቦሌቦሌ» እያለ የሚጣራውን ወያላ አስቡት። ለአዲስ አበቤ ጆሮ ይህ ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ትናንት ከተማ ለገባ እንግዳ ግን፣ መጀመሪያውን ካመለጠው፣ «ሌቦሌቦሌቦ» ሆኖ ሊሰማው ይችላል። (ማን ነው ሌባ ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም።) ወያላው ቃል አልቀየረም፣ የሰሚውም ጆሮ ደህና ነው። የጠፋው መነሻውና ፍጥነቱ ነው።

ማሽንም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ እንግዳው ሰው «ምን አልክ?» ብሎ መጠየቁ ነው። ማሽን አይጠይቅም። ፍጥነቱ ሳይገጥም ሲቀር አልሰማሁም ብሎ ዝም ከማለት ይልቅ፣ የሰማ የመሰለውን ሁሉ በልበ ሙሉነት ይጽፋል። ወረቀቱ ላይ የጥያቄ ምልክትና የማይነበብ ዝባዝንኬ ይወርዳል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይወርድም።

አንደኛው ጫፍ፦ ኤርፖርቱ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም መነሻው ልደታ ነበር። የጄት ዘመን ሲመጣ ግን የልደታ ሜዳ አልበቃም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቦሌ የጄቶች ማረፊያ ሆነ፤ የዛሬው የቦሌ ታሪክም ከዚያ ጋር ተያይዞ አደገ። ኤርፖርት ማለት ደግሞ አስፋልትና አውሮፕላን ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከመድረሱ በፊት ስለ አውሮፕላኑ የሚነገር መልእክት መድረስ አለበት። መቼ ተነሳ፣ ስንት ሰው ጫነ፣ አየሩ እንዴት ነው?

ያንን መልእክት በዓለም ዙሪያ ከአየር ማረፊያ አየር ማረፊያ ያመላልስ የነበረው ቴሌፕሪንተር ነው። የቴሌክስ መደበኛ ፍጥነት 50 ባውድ ነበር፤ በደቂቃ 66 ቃል ገደማ ማለት ነው። ዛሬ አንድ ፎቶ በዚያ ፍጥነት ብንልክ ልጆቻችን ይቀበሉልናል። ሆኖም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ማሽን ሳይሆን አይቀርም፤ ቀርፋፋ ነበር፣ ግን ደረሰ። እያንዳንዱ ፊደል በ5 ምልክቶች ብቻ ስለሚጻፍ ለትልቅና ለትንሽ የላቲን ፊደል የሚሆን ቦታ አልነበረውም። የአቪዬሽን መልእክቶች እስካሁን በትልልቅ ፊደላት የመጻፋቸው ልማድ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው።

5 ምልክት ሲቀያየር 32 ጥምረት ብቻ ይሰጣል። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። በዚያች ጠባብ በር አማርኛን ማስገባት ምን ያህል ፈተና እንደነበር ገምቱ። የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሲነሳ ስማቸው አብሮ የሚነሳው ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የተጋፈጡት እንዲህ ያለውን ሒሳብ ነው።

ታዲያ የዚያ ዘመን ፍጥነት የት ነበር የሚስተካከለው? በብሎን! የቴሌፕሪንተሩ ሞተር ላይ ፍጥነቱን የሚገታ መሣሪያ ነበረ። ቴክኒሻኑ ሲመቱት በታወቀ ፍጥነት የሚርገበገብ ሹካ መሰል ብረት ይይዛል። በብረቱ ቀዳዳ አጮልቆ የሚሽከረከረው ጎማ ላይ የተቀባውን ጥቁርና ነጭ ምልክት ያያል። ምልክቱ የቆመ ከመሰለ ፍጥነቱ ልክ ነው። ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የሚሸሽ ከመሰለ ብሎኑን ጠምዘዝ። ጥገናው ይኸው ነበር። ዓይን፣ ጆሮና እጅ ይጠይቃል።

ሌላኛው ጫፍ፦ ኢሲኤ

አሁን የቦሌን መንገድ ይዘን ወደ መስቀል አደባባይ እንውጣ። ከአደባባዩ ከፍ ብሎ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አለ። አፍሪካ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1961 መመረቁን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። ያልተማርነው በዚያው ግቢ ውስጥ ከ30 ዓመት በኋላ የሆነውን ነው።

ፓዲስ የሚባል የኮሚሽኑ የመረጃ ክፍል ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ አገሪቱ ኢንተርኔት ሳይኖራት፣ ዶክተር ልሳን አዳምና ባልደረቦቻቸው እዚያ በፊዶኔት የሚሠራ የኢሜይል አገልግሎት ያንቀሳቅሱ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። የአዲስ አበባ ተጠቃሚዎች ደብዳቤያቸውን በስልክ መስመር ወደ ፓዲስ ኮምፒውተር ያስገባሉ። ደብዳቤዎቹ ይጠራቀማሉ። ከዚያ ለንደን ካለው የግሪንኔት ኮምፒውተር ጋር የስልክ ጥሪ ይደረግና የተጠራቀመው ይወጣል፣ የመጣው ይገባል። ስልኩ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ያቺ ቁጥር ገንዘብ ሆነች። እስቲ አብረን እናስላ። 100 ሺህ ፊደል ያለው ደብዳቤ ይኑረን። በሲሪያል መስመር አንድ ፊደል ከመነሻና መድረሻ ምልክቱ ጋር 10 ምልክት ይፈጃል። በ2400 ፍጥነት በሴኮንድ 240 ፊደል ይሄዳል፤ ደብዳቤው ወደ 7 ደቂቃ ይወስዳል። በ9600 ግን ከ2 ደቂቃ በታች ነው። የዓለም አቀፍ ስልክ ደቂቃ ዋጋ ትዝ የሚላቸው ወላጆች ካሏችሁ ጠይቋቸው። ሞደሙ በትክክለኛው ፍጥነት መዋቀሩ የምቾት ጉዳይ አልነበረም፤ ደብዳቤ የመላክና ያለመላክ ጉዳይ ነበር።

ከ1997 ወዲህ፦ የውሸት 38400

እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ኢንተርኔት በይፋ ገባ። በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ዘመን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን የ«ጢጢጢ… ሽሽሽሽ» የሞደም ዘመን ብዙዎቻችን በጆሯችን እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው መስፈርት ለሞደም እስከ 56 ሺህ ቢት በሴኮንድ ፈቀደ። መስመሩ ይህን ያህል መስጠቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ኮምፒውተሩ ውስጥስ ምን ነበር? ከመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ከ1981 ጀምሮ የሲሪያል ፖርቱ ቺፕ በሴኮንድ 1,843,200 ጊዜ በሚመታ ሰዓት ይሠራል። ቺፑ ያንን ለ16 ያካፍለዋል፤ 115200 ይመጣል። አያችሁ፣ ያቺ ምስጢራዊ ቁጥር ከሰማይ አልወረደችም፤ የማካፈል ውጤት ናት። 115200ን ለ2 ብታካፍሉ 57600፣ ለ12 ብታካፍሉ 9600። ፍጥነት መምረጥ ማለት አካፋይ መምረጥ ማለት ነው።

ያንን አካፋይ አስልቶ ለቺፑ የሚነግረው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። (የምንለው የሚኒባስ ሾፌር አይደለም፣ ግን እሱም ቢሆን ወያላው ያለውን ሰምቶ መሪ የሚጠመዝዝ ነው።) ችግሩ የድሮ የዩኒክስ ፕሮግራሞች የሚያውቁት የፍጥነት ዝርዝር 38400 ላይ ያልቅ ነበር። ሞደሙ ከዚያ በልጦ ሲፈጥን ምን ይደረግ? የሊኑክስ ሰዎች አንድ መላ ዘየዱ። ድራይቨሩን «ፕሮግራሙ 38400 ሲልህ አንተ 115200 አድርገው» ብለው ያሳምኑታል። ማያው ላይ 38400 ይላል፣ ገመዱ ላይ 115200 ይሮጣል። መላው ሠርቷል። ነገር ግን የውሸቱን ታሪክ የማያውቅ ቴክኒሻን በኋላ ያንን ኮምፒውተር ቢረከብ ምን እንደሚገጥመው አስቡት። የተጻፈው ሌላ፣ የሆነው ሌላ!

በ2000ዎቹ መጨረሻ ኢቪዲኦ የሚባለው ዶንግል ሲመጣም ገመዱ ጠፋ እንጂ ወጉ አልጠፋም። ያ ዩኤስቢ ላይ የምንሰካው ነገር ራሱን ለኮምፒውተሩ ሲያስተዋውቅ «እኔ ኮም ፖርት ነኝ፣ ሞደም ነኝ» ይል ነበር። እኛም #777 እንደውላለን። ስልክ በሌለበት ስልክ መደወል!

መሐል መንገዱ፦ ደረሰኙ

ወደ ካሸሯ እንመለስ። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 (በፈረንጅ 2007) የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ መጠቀም ግዴታ ሆነ። ከዚያ በኋላ ከደንበል እስከ ገርጂ፣ ከ22 እስከ ሲኤምሲ፣ ባንኮኒ ላይ ሁሉ ያቺ ወረቀት የምትተፋ ሣጥን ተቀመጠች። ብዙ ሱቆች ውስጥ ሣጥኗ ከኮምፒውተር ጋር ትነጋገራለች፤ ዕቃው ኮምፒውተር ላይ ይመዘገባል፣ ደረሰኙ ከሣጥኗ ይወጣል። በመካከላቸው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማን ነው? ያው የጥንቱ ሲሪያል ገመድ።

አዲሶቹ ላፕቶፖች ግን ባለ 9 መርፌውን ሶኬት ትተውታል። ስለዚህ ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ትንሽ ገመድ ይገዛል። ገመዱ ውስጥ ቺፕ አለ፣ ቺፑ ድራይቨር ይፈልጋል፣ ድራይቨሩ ማካፈል ይጠበቅበታል። «ሲስተም የለም» ከሚወለድባቸው ቦታዎች አንዱም እዚህ ነው።

እንዴት? በምሳሌ እንየው። ሰዓቱ በሴኮንድ 16,000,000 ጊዜ የሚመታ ቺፕ አለ እንበል። ለ16 ሲካፈል 1,000,000 ይሆናል። 9600 ፍጥነት ብንጠይቀው 1,000,000 ለ9600 ሲካፈል 104.17 ይመጣል። አካፋዩ ሙሉ ቁጥር መሆን ስላለበት 104 ይሆናል። የሚገኘው ፍጥነት 9615 ነው። ስህተቱ ከመቶ ሩብ እንኳ አይሞላም። ማንም አያየውም።

አሁን 115200 እንጠይቀው። 1,000,000 ለ115200 ሲካፈል 8.68 ነው። ድራይቨሩን የጻፈው ሰው ክፍልፋዩን ዝም ብሎ ከቆረጠው 8 ይሆናል፤ የሚገኘው ፍጥነት 125000፣ ስህተቱ 8.5 በመቶ። ተቀባዩ አንድ ፊደል ሲያነብ የሚታገሠው የፍጥነት ልዩነት ወደ 5 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ የመጨረሻዎቹን ምልክቶች ከጎረቤታቸው ጋር ያምታታል። ዝባዝንኬው ወረደ ማለት ነው። ቁጥሩን ወደሚቀርበው ብናጠጋው ግን 9 ይሆናል፤ 111111 ይገኛል፣ ስህተቱ 3.5 በመቶ። በጭንቅም ቢሆን ይነበባል።

ጥገናው ስንት መስመር ይመስላችኋል? አንድ! ከማካፈል በፊት የአካፋዩን ግማሽ መደመር፤ አለቀ። የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ይህ ስህተት በ9600 ሲሠሩ ለዓመታት ተደብቆ ሊኖር ይችላል። የሚጋለጠው ፍጥነት ሲጨምር ነው። ዘገምተኛ መስመር ጥፋትን ይሸፍናል። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ድራይቨር ሳያዩ ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ናንጂንግ፣ ቻይና ካለ ኩባንያ የሚወጣው ሲኤች340 የሚባለው ርካሽ ቺፕ በዓለም ዙሪያ በእንዲህ ዓይነት ገመዶችና በተማሪዎች የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ውስጥ ተሰራጭቷል። የሊኑክስ ድራይቨሩ በአንዳንድ ከፍ ያሉ ፍጥነቶች ላይ የተዛባ ውጤት እንደሚሰጥ ይታወቅ ነበር። ጆናታን ኦልድስ የሚባል ሰው ቺፑ ፍጥነቱን የሚያሰላበትን ቀመር ፈልጎ አገኘ፣ በሙከራም አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዮሃን ሆቮልድ ያንን ይዞ የድራይቨሩን የፍጥነት ስሌት እንደ አዲስ ጻፈው። ይህን እንዴት አወቅን? ተጽፏል! ማን እንዳገኘው፣ ምን እንደተሳሳተ፣ ለምን እንዲህ እንደተስተካከለ፣ ከኮዱ ጋር አብሮ ተቀምጧል። ማንም ሄዶ ማንበብ ይችላል።

የእኛ መዝገብ የት አለ?

እንግዲህ ወደ ነገራችን ደረስን። የአገራችንን የቴክኖሎጂ ታሪክ ስናነብ የምናገኘው ምርቃት ነው። በምኒልክ ዘመን ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ተዘረጋ፤ በ1952 የቴሌ ቦርድ ተቋቋመ፤ በ1997 ኢንተርኔት ገባ፤ በ2010 ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳ። በማግስቱ ጠዋት ማሽኑ ሲያምፅ ብሎኑን የጠመዘዘው ሰው የት ተጻፈ? በኤርፖርቱ በኩል ቴሌፕሪንተር ያቃኑት፣ በኢሲኤ በኩል ሌሊት ለንደን የሚደውለውን ሞደም ያባበሉት፣ ዛሬ ሞተር ሳይክል ላይ ላፕቶፕ አዝለው ከሱቅ ሱቅ የሚዞሩት ልጆች የሚያውቁት ነገር የት ተቀመጠ? በአብዛኛው በጭንቅላታቸው ውስጥ። ሰውየው ጡረታ ሲወጣ ወይም ዱባይ ሲሄድ እውቀቱም ቪዛ ይመታል።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ማሽኑ ከሠራ በቃ» የሚል አይጠፋም። አልበቃም። ምክንያቱን ያልጻፍነው ብልሽት እንደገና ሲመጣ እንደ አዲስ እንግዳ እንቀበለዋለን። ሱቁ ሕጋዊ ደረሰኝ መቁረጥ አቅቶት ይቆማል። የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪ ካሸሯ ትሆናለች፤ «ምን ነካካሽ?» ትባላለች። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ገመዱ ነው፤ አዲስ ይገዛል። ሦስተኛው ኮምፒውተሩ ነው፤ ፎርማት ይደረጋል። ያቺ ቁጥር ግን ሳትጠየቅ ትቀራለች። ከማካፈል የመጣ ስህተት የሰው ጥፋት ተብሎ ከሰው ደመወዝ ላይ ሲቀነስ ነገሩ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃል።

የምንለው ትልቅ ነገር አይደለም። ሱቅ ያላችሁ፣ ማሽኑ ጎን ላይ በፕላስተር «ኮም 3፣ 115200» ብላችሁ ለጥፉ። ጠጋኝ የሆናችሁ፣ ያገኛችሁትን ስህተት ቀኑንና ምክንያቱን ጨምራችሁ በደብተር ጻፉ፤ በአማርኛ ቢሆን እሰየው። ጎሮ አይሲቲ ፓርክ የምትሠሩም ሆናችሁ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ አዛውንት የቴሌ ቴክኒሻን ጎረቤት ካላችሁ ቡና ጠጡና «ጋሼ፣ ብሎኑን ወዴት ነበር የምትጠመዝዙት?» ብላችሁ ጠይቁልን። መልሱ ታሪክ ነው። ካልተጻፈ ግን ከእሳቸው ጋር ያልቃል።

ካሸሯም ቀና ብላ «ሲስተም የለም» ስትላችሁ አትቆጧት። ሲስተሙማ አለ። ሁለት ማሽኖች በአንዲት ቁጥር ሳይስማሙ ቀርተው ሊሆን ይችላል። የሚያስታርቃቸው ሰው ይፈለግላቸው፤ ሲታረቁም በምን እንደታረቁ ይጻፍ።

ቸር እንሰንብት።